ከትቢያው መጋረጃ በስተጀርባ፤ በጋላክሲያችን ስለ ተሰወሩት ድቡልቡል ማኅበራተ ከዋክብት የቀረበ ዳሰሳ

መስከረም ጠብቶ የክረምቱ ደመና ከተገፈፈ በኋላ፣ ከከተማ መብራት በራቀ በአንድ የገጠር ደጅ ቆሞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ የመለሰ ሰው፣ አባቶቻችን በዐውደ ነገሥት ቀውስ ብለው በሚጠሩት ኮከብ አካባቢ ፍኖተ ሐሊብ ከሌላው ሥፍራ ሁሉ ይልቅ ሰፍቶና ደምቆ ተዘርግቶ ያየዋል። ዓይኑ ጨለማውን ለምዶ ትኩር ብሎ በተመለከተ ጊዜ ግን፣ ይህ የብርሃን ወንዝ ወጥ ሆኖ እንደማይፈስ፣ በመካከሉም ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ጥቁር ስንጥቅ እንዳለበት ያስተውላል። ስንጥቁ ከዋክብት ያልተዘሩበት ጠፍ መሬት ቢመስልም፣ በከዋክብት መካከል የሚንሳፈፍ ረቂቅ ትቢያ የጋረደው ሥፍራ ነው፤ ከመጋረጃውም በስተጀርባ የጋላክሲያችን ማእከል፣ በማእከሉም ዙሪያ ዕድሜያቸው ከዓለም ዕድሜ በጥቂቱ ብቻ የሚያንስ እጅግ ያረጁ ማኅበራተ ከዋክብት ይገኛሉ። እነዚህን ስውራን ሊቃውንት በምን ብልሃት እንደ ደረሱባቸው፣ የተገኘውም ዕውቀት እስከ ምን ድረስ የታመነ እንደ ሆነ ለመመርመር ይህ ዳሰሳ ተጽፏል፤ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድቡልቡል ማኅበረ ከዋክብት የምንለው፣ መቶ ሺሕ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሚሊዮን የሚበልጡ ከዋክብት በገዛ ስበታቸው ተሳስበው፣ ቀፎውን ለቅቆ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሰፈረ የንብ መንጋ፣ ወደ መካከሉ እጅግ እየተጠጋጉ ወደ ዳሩ ግን እየሳሱ የሚኖሩበትን ጉባኤ ነው። ዕድሜያቸው በብዛት ከ10 እስከ 13 ቢሊዮን ዓመት ይገመታል፤ መላው ዓለም ከተጀመረ ደግሞ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው። የአንድ ማኅበር ከዋክብት እንደ ልማዱ ከአንድ ደመና በአንድ ዘመን የተወለዱ ስለ ሆኑ፣ በውስጣቸው ያለው የብረትና የሌላው ንጥረ ነገር መጠን በተወለዱበት ዘመን ጋላክሲው ምን ይመስል እንደ ነበር ይመሰክራል፤ ስለዚህም የጋላክሲያችንን ጥንተ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው እነዚህ ማኅበራት በገዳም ዕቃ ቤት እንደ ተቀመጠ ጥንታዊ ብራና ናቸው። ዊሊያም ሃሪስ የተባለው ሊቅ በ1996 ባወጣው መዝገብ 147 ማኅበራት ተቈጥረው ነበር፤ በ2010 ባደሰው ጊዜ ቍጥሩ 157 ደረሰ፤ ዛሬ ወደ 170 ይጠጋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከተጨመሩትም ብዙዎቹ ከትቢያው ኋላ የተገኙ ናቸው።

የዚህ ጥናት ሁለት ሥሮች በአንድ ሰው እጅ መተከላቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የመጀመሪያው ድቡልቡል ማኅበር፣ ይኸውም በቀውስ ውስጥ የሚገኘው ሜሲየ 22 የሚባለው፣ በ1665 በጀርመናዊው አብርሃም ኢህለ ታይቶ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ጉም ጠብታ ብዥ ብሎ ይታይ የነበረውን ይህን ዓይነት ፍጥረት በታላላቅ ቴሌስኮፖቹ በትኖ፣ ከዋክብቱን አንድ በአንድ ለይቶ፣ በ1789 «ድቡልቡል» የሚለውን ስም ያወጣለት በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው ዊሊያም ኸርሸል ነው። ይኸው ኸርሸል ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1800፣ ፀሐይን በልዩ ልዩ ባለ ቀለም መስተዋት ሲመለከት አንዱ መስተዋት ብዙ ሙቀት፣ ሌላው ጥቂት ሙቀት እንደሚያሳልፍ ስለ ተሰማው፣ ሙቀት ከየትኛው ቀለም ጋር እንደሚመጣ ለማወቅ ፈለገ። የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም አሳልፎ፣ እንደ ቀስተ ደመና በጠረጴዛው ላይ ካነጠፈው በኋላ፣ ጫፋቸውን ያጠቈረባቸውን የሙቀት መለኪያዎች አምጥቶ አንዱን በቀለሙ ላይ፣ ሌሎቹን ለማመሳከሪያ ከቀለሙ ውጭ አኖራቸው። ከሐምራዊው ወደ ቀዩ በተጠጋ ቍጥር ሜርኩሪው ከፍ እያለ ሄደ፤ ከቀዩም አልፎ ዓይን ምንም ቀለም በማያይበት በባዶው ጠረጴዛ ላይ ባኖረው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ከፍ አለ። ዛሬ ታሕተ ቀይ ብለን የምንጠራው ብርሃን በዚህ ሁኔታ ተገኘ፤ ያገኘው ሰው ግን ስም ያወጣላቸውን ማኅበራት ወደ ፊት ከተሰወሩበት የሚያወጣቸው ይህ የማይታይ ብርሃን መሆኑን ለማወቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም።

ይህንንም የምናውቀው እርሱ ራሱ በትቢያው የተታለለ መሆኑን በጽሑፉ ስለ ተወልን ነው። ከቀውስ ጎን በሚገኘው በአቅራብ ውስጥ ከዋክብት የሌሉበት አንድ ጥቁር ሥፍራ ባየ ጊዜ፣ በሰማይ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ መሰለው፤ በቀዳዳውም ዳር ዛሬ ሜሲየ 80 የምንለው ድቡልቡል ማኅበር ስለ ተገኘ፣ የማኅበሩ ከዋክብት ምናልባት ከዚያ ባዶ ሥፍራ ተሰብስበው የሄዱ ሳይሆኑ አይቀሩም ሲል በ1785 ጻፈ። አስተሳሰቡ ለጊዜው የሚጥም፣ በስበት ሕግም የተደገፈ ነበር፤ ስሕተቱ መጋረጃውን ባዶነት አድርጎ መቍጠሩ ነው። ይህን ስሕተት አንባቢ በልቡናው እንዲይዝልኝ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ ጥናት ታሪክ በሙሉ፣ እስከ ዛሬም ድረስ፣ መጋረጃን ከተጋረደው ነገር ለይቶ የማወቅ ትግል ሆኖ ስለሚታየኝ ነው።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ስሕተቱ በሌላ ታላቅ ሰው ተደገመ። አሜሪካዊው ሃርሎው ሻፕሊ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በዊልሰን ተራራ ቴሌስኮፕ እየተመለከተ፣ በማኅበራቱ ውስጥ ብርሃናቸው በሰዓታት ልዩነት ከፍ ዝቅ የሚሉትን ከዋክብት እንደ መለኪያ ዘንግ አድርጎ የማኅበራቱን ርቀት አሰላ፤ በ1918ም ማኅበራቱ በሰማይ ሁሉ ላይ እኩል እንዳልተበተኑ፣ አብዛኞቹ ወደ ቀውስ አቅጣጫ እንደ ተሰበሰቡ፣ ስለዚህም የጋላክሲው ማእከል በዚያ መሆኑንና ፀሐያችን ከማእከሉ ርቃ የምትኖር መሆኗን ገለጸ። ሰው ከነበረበት ከመካከለኛው ዙፋን ለሁለተኛ ጊዜ የወረደበት ቀን ይህ ነው ቢባል የተጋነነ አይሆንም። ሆኖም ሻፕሊ በፍኖተ ሐሊብ ወገብ ላይ፣ በቀጭኑ የብርሃን መቀነት ውስጥ፣ አንድም ድቡልቡል ማኅበር አለመኖሩን ባየ ጊዜ፣ በዚያ የተጨናነቁት ከዋክብት በስበታቸው ማኅበራቱን እየበጣጠሱ ያጠፏቸዋል ብሎ ተረጐመው። ማኅበራቱ ግን በዚያ ነበሩ፤ እርሱ አላያቸውም እንጂ። በዚሁ ምክንያት የብርሃን መድከም ሁሉ ከርቀት የመጣ ስለ መሰለው፣ ዛሬ 26 ሺሕ የብርሃን ዓመት ያህል መሆኑ የታወቀውን የማእከሉን ርቀት ከእጥፍ በላይ አስረዝሞ አሰላው። ነገሩ የተገለጠው በ1930 የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሮበርት ትረምፕለር በሊክ ኦብዘርቫቶሪ ሆኖ፣ ራቅ ያሉ የከዋክብት ስብስቦች እንደ ስፋታቸው ሊኖራቸው ከሚገባው ብርሃን እጅግ ደክመው የሚታዩ መሆናቸውን ለክቶ፣ በከዋክብት መካከል ያለው ጠፈር ንጹሕ ሳይሆን በትቢያ የተበከለ መሆኑን ባስረዳ ጊዜ ነው።

ትቢያው ምንድን ነው? ያረጁ ከዋክብት ከላያቸው የሚተፉት የጥላሸትና የአሸዋ ዘር ነው፤ ቅንጣቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ እጅ ማለት ከአንድ ማይክሮን እንኳ በብዙ ያነሰ ነው። በቤተ ክርስቲያን ማዕጠንት ሲወዛወዝ ከጢሱ ባሻገር የበራች ጧፍ የተመለከተ ሰው ሥራውን ሊያስተውል ይችላል፤ ጢሱ ሲጠነክር ጧፏ መጀመሪያ ትቀላለች፣ ቀጥሎ ትደበዝዛለች፣ በመጨረሻም ትጠፋለች። ሰማያዊው ብርሃን ሞገዱ አጭር በመሆኑ ከቅንጣቱ ጋር እየተጋጨ ወዲያና ወዲህ ይበተናል፤ ቀዩ ረዘም ስላለ ይሻላል፤ ከቀዩ ያለፈው ታሕተ ቀይ ብርሃን ደግሞ ጠጠር እንደማይገታው የወንዝ ሙላት ትቢያው ከሞላ ጐደል ሳይገታው ያልፋል። ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ከጋላክሲው ማእከል ወደ እኛ ከሚጓዘው በዓይን ከሚታይ ብርሃን ውስጥ ከአንድ ሺሕ ቢሊዮን ቅንጣቶች የምትደርሰው አንዲት ያህል ብቻ ስትሆን፣ የሞገዱ ርዝመት 2.2 ማይክሮን ከሆነው ታሕተ ቀይ ብርሃን ግን ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ቅንጣቶች አንዲቱ ትደርሳለች። ኤሪክ ቤክሊንና ጌሪ ኖይገባወር የጋላክሲያችንን ማእከል በዚህ ብርሃን አይተው ውጤቱን በ1968 ያስታወቁትም ስለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ የድቡልቡል ማኅበራት ደማቅ ከዋክብት ያበጡና የቀሉ ግዙፋን በመሆናቸው ብርሃናቸው በተፈጥሮው የሚበዛው በዚሁ በታሕተ ቀይ ዳርቻ ነው።

ትክክለኛው የታሕተ ቀይ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ግን በብዙ ትዕግሥት የተሠራ አንድ የመሸጋገሪያ ዘመን ነበር፤ በተለይም በፈረንሳይ አገር። በ1954 በኦት ፕሮቫንስ ኦብዘርቫቶሪ አንድ የተሸሸገ ማኅበር ተገኝቶ በቦታው ስም ኤች ፒ 1 ተባለ። ከዚያ በኋላ በኢስታንቡል የተወለደው የአርመን ተወላጅ አጎፕ ቴርዛን፣ ቀይ ብርሃንን የሚቀበሉ የፎቶግራፍ ሰሌዳዎችን ወደ ማእከሉ አቅጣጫ እያነጣጠረ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስሙን የተሸከሙትን ማኅበራት ተራ በተራ አገኘ። በሰሌዳው ላይ የሚታየው በብዙ ሺሕ ነጥቦች መካከል ጥቂት ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ብቻ ስለ ነበር፣ ቁጥሩ እስከ 12 ቢደርስም ማኅበራቱ 11 ናቸው፤ ቴርዛን 11 የተባለው ቀድሞ የተመዘገበው ቴርዛን 5 ሆኖ ተገኝቷልና። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አግኝቶ ሁለተኛ ስም መስጠት፣ ሰውየው በምን ዓይነት ጭጋግ ውስጥ ይሠራ እንደ ነበር ከማናቸውም ገለጻ ይልቅ ያስረዳል። ዊሊያም ሊለር ደግሞ በሌላ ፍለጋ መጣ፤ በ1976 ሳተላይት በፍጥነት ደጋግሞ የሚፈነዳ የራጅ ጨረር ምንጭ ስለ አገኘ፣ ይህ ጨረር ከምን እንደሚወጣ በቺሌ ሆኖ ሲፈልግ በ1977 እጅግ የተሸፈነ ማኅበር ደረሰበት፤ እርሱም ሊለር 1 ይባላል። በ1980 ደግሞ ዩ ኬ ኤስ 1 ተጨመረ። እነዚህ ሁሉ ግን በመጋረጃው ቀዳዳ የተነጠቁ እንጂ መጋረጃው ተገልጦ የታዩ አይደሉም።

መጋረጃውን መግለጥ የዘገየበት ምክንያት የመሣሪያው ጠባይ ነው። ታሕተ ቀይ ብርሃን የሙቀት ብርሃን ነውና ሙቀት ያለው ሁሉ ያወጣዋል፤ አየሩ ራሱ ያበራል፣ የቴሌስኮፑ ብረትና መስተዋት ያበራሉ፣ ካሜራውም ካልቀዘቀዘ በራሱ ብርሃን ይታወራል፤ በዚህ ብርሃን ኮከብ መፈለግ በቀትር ኮከብ እንደ መፈለግ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተንም ከዚህ ብርሃን ብዙውን ይውጠዋል። ስለዚህ ካሜራው ከበረዶ በታች እጅግ በረደ፤ ቴሌስኮፑም ከፍ ወዳለና ዝናብ ወደማያውቅ አገር፣ በተለይም በቺሌ ወደሚገኘው የአታካማ ምድረ በዳ ወጣ። ከ1997 እስከ 2001 ስፋታቸው 1.3 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች፣ አንዱ በአሪዞና ሌላው በቺሌ ሆነው፣ ሰማይን በሙሉ በዚህ ብርሃን ሥለው «ቱ ማስ» የተባለውን መዝገብ አወጡ፤ በዚሁ መዝገብ ውስጥ በ2000 ከትቢያ የተወለዱ ያህል ሁለት አዳዲስ ድቡልቡል ማኅበራት ተገኙ። በ2003 ወደ ጠፈር የወጣው የስፒትዘር ቴሌስኮፕም ከቀጭኑ የፍኖተ ሐሊብ ወገብ ውስጥ ግሊምፕስ ሲ 01 የተባለውን ገለጠ፤ ይህ ማኅበር በርግጥ ያረጀ ነው ወይስ ገና ወጣት የሆነ ትልቅ ስብስብ ነው በሚል ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ተከራክረውበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በአታካማ በፓራናል ኦብዘርቫቶሪ አካባቢ የተተከለው፣ መስተዋቱ 4.1 ሜትር የሆነው ቪስታ የተባለው ቴሌስኮፕ የሠራው ሥራ ነው። የጋላክሲውን ማእከላዊ እብጠትና ከጎኑ ያለውን ወገብ በቺሌያዊው ሊቅ በዳንቴ ሚኒቲ መሪነት ከ2010 ጀምሮ እየደጋገመ ሥሏል፤ እስከ 2023 ድረስ በቆየው በዚህ ሥራ 420 ሌሊት ተሠርቶ፣ ሁለት መቶ ሺሕ ሥዕል ተነሥቶ፣ ከአንድ ቢሊዮን ተኩል የሚበልጥ ብርሃናዊ አካል ተመዝግቧል። የሥራው ዋጋ ግን ያለው ከቍጥሩ ይልቅ በድግግሙ ነው። አንድን ሥፍራ በዓመታት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሣለ ሰው፣ ብርሃናቸው የሚለዋወጡትን ከዋክብት ለይቶ ያውቃል፤ ከቦታቸው በጥቂቱ የሚንቀሳቀሱትንም ያያል። በ2011 ቪ ቪ ቪ ሲ ኤል 001 እና 002 የተባሉት ሁለት ማኅበራት ከዚህ መዝገብ ወጡ።

እዚህ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ቀድሞ ሰዎች የሚሳሳቱት ያለውን የለም በማለት ነበር፤ መጋረጃው ከሳሳ በኋላ ግን የሌለውን አለ ማለት ተከተለ። ምክንያቱን እንዲህ ማየት ይቻላል፤ ትቢያው እንደ ተነደፈ ጥጥ ወጥ ሳይሆን አንድ ሥፍራ ወፍሮ ሌላ ሥፍራ የሳሳ ነው። በወፍራም ደመና መካከል አንድ ክብ የሳሳ ቀዳዳ ቢኖር፣ በቀዳዳው በኩል ከበስተኋላ ያሉት ከዋክብት በብዛት ይታያሉ፣ በዙሪያው ያሉት ግን ይሸፈናሉ፤ ውጤቱም በሥዕል ላይ ፍጹም ድቡልቡል ማኅበር ይመስላል። በማእከላዊው እብጠት ውስጥም ከዋክብቱ እጅግ ስለሚበዙ፣ ማንም ሳይሰበስባቸው በአጋጣሚ ተጠጋግተው የሚታዩ አሉ። ስለዚህ በ2010ዎቹ ዓመታት በደርዘን የሚቈጠሩ «ዕጩ ማኅበራት» ሲታወጁ፣ ዝርዝሩን በደስታ የተቀበለው እንዳለ ሁሉ በጥርጣሬ የተመለከተውም ነበር፤ በእኔም አስተያየት ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። ኸርሸል የመጋረጃውን ውፍረት ባዶነት አለው፤ የዘመኑ ሰው ደግሞ የመጋረጃውን ቀዳዳ ማኅበር አለው፤ በሁለቱም ዘንድ የታየው መጋረጃው እንጂ ከዋክብቱ አይደሉም።

ከዚህ ግራ መጋባት የሚያወጣው ዳኛ እንቅስቃሴ ሆነ። እውነተኛ ማኅበር በጋላክሲው ውስጥ አንድ ሆኖ ይጓዛል፤ ከዋክብቱ በሰማይ ገጽ ላይ በአንድ አቅጣጫና በአንድ ፍጥነት ይሄዳሉ፤ በቀዳዳ የታዩት ግን እንደ ገበያ ሰው እያንዳንዱ ወደየራሱ ይሄዳል። በ2013 ወደ ጠፈር የተላከው ጋያ የተባለው መንኰራኵር ከቢሊዮን የሚበልጡ ከዋክብትን እንቅስቃሴ ለክቶ በ2018 ሁለተኛውን መዝገብ ባወጣ ጊዜ፣ ከቪስታው ሥዕል ጋር ተመሳክሮ ከዕጩዎቹ ብዙዎቹ ወደቁ። ጋያ ራሱ በሚታይ ብርሃን ይሠራ ስለ ነበር ከወፍራሙ ትቢያ ኋላ አያይም ነበር፤ በዚያ ሥፍራ ዳኝነቱ ለቪስታ ተደጋጋሚ ሥዕል ይተላለፋል። ሁለተኛው ምስክር ሻፕሊ የተጠቀመባቸው፣ በግማሽ ቀን ገደማ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚለው ከዋክብት ናቸው፤ እነዚህ ያረጁ እንጂ ወጣት የማይሆኑ፣ በታሕተ ቀይም የብርሃናቸው መጠን ከምልልሳቸው ዘመን ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ዕድሜንም ርቀትንም በአንድነት ይመሰክራሉ። ሦስተኛው የከዋክብቱን ብርሃን በታሕተ ቀይ በትኖ ንጥረ ነገራቸውን ማንበብ ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የሚያስከፍል ከሁሉም የታመነ ምስክር ነው።

ዳኝነቱ እንዴት እንደሚሠራ ቪ ቪ ቪ ሲ ኤል 001 ጥሩ ምሳሌ ነው። በሰማይ ላይ ከዩ ኬ ኤስ 1 አጠገብ ተጠግቶ ስለ ታየ፣ ሁለቱ እንደ መንታ አንዱ ሌላውን የሚዞሩ ይሆኑ ይሆናል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ብርሃናቸው ከተበተነና ርቀታቸው ከተለካ በኋላ ግን ዩ ኬ ኤስ 1 ከማእከሉ ባሻገር እጅግ ርቆ እንደሚገኝ፣ ጉርብትናቸውም የዓይናችን ብቻ እንደ ሆነ ታወቀ። ሲ ኤል 001 በበኩሉ ያልተጠበቀ ነገር ይዞ ተገኘ፤ በውስጡ ያለው ብረት ከፀሐያችን ከመቶ እጅ በላይ ያነሰ ነው፤ በማእከላዊው እብጠት አካባቢ ካሉት ማኅበራት ሁሉ በብረት እጅግ ከደኸዩት አንዱ ነው ማለት ነው። ብረት የሚከማቸው ከዋክብት ተወልደው ሲሞቱ በመሆኑ፣ ይህን ያህል ድኻ የሆነ ማኅበር ከጋላክሲው የመጀመሪያ ዘመን የተረፈ፣ ወይም ጋላክሲያችን ከዋጠው ከሌላ ትንሽ ጋላክሲ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከስውራኑ ሁሉ ግን የእኔን ልብ የሚስበው ቴርዛን 5 ነው። በ20 ሺሕ የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ፣ በሚታይ ብርሃን ሲያዩት የማይረባ የደበዘዘ ነጥብ ነው፤ ክብደቱ ግን ሁለት ሚሊዮን ፀሐይ ያህላል። በራዲዮ ሲያዳምጡት በውስጡ በሰከንድ እስከ ብዙ መቶ ጊዜ የሚሽከረከሩ የሞቱ ከዋክብት ማለት ፐልሳሮች ተገኝተውበታል፤ በ2024 ቍጥራቸው 49 ደርሷል፤ ከእነርሱም አንዱ በሰከንድ 716 ጊዜ እየዞረ እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ፈጣኑ ነው። በ2009 ፍራንቸስኮ ፌራሮና ባልንጀሮቹ በፓራናል ባለው ታላቅ ቴሌስኮፕ፣ የአየሩን መንቀጥቀጥ በሰከንድ ብዙ ጊዜ በሚያርም መስተዋት አማካይነት፣ በታሕተ ቀይ አጥርተው ሣሉት። በሥዕሉ ላይ በአንድ የዕድሜ ደረጃ ያሉ ቀያይ ከዋክብት በአንድ ቡድን ይሰበሰባሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሁለት ቡድን ሆነው ታዩ፤ አንዱ ደመቅ ያለ፣ ሌላው ደከም ያለ፤ ብርሃናቸው በተበተነ ጊዜም ደማቆቹ በብረት እጅግ የበለጸጉ ሆኑ። በ2016 የተደረገው ምርመራ የአንዱን ቡድን ዕድሜ 12 ቢሊዮን፣ የሌላውን 4.5 ቢሊዮን ዓመት ብሎ ወሰነ። ፀሐያችን በተወለደችበት ዘመን ገደማ፣ ያረጀ ተብሎ በተቈጠረ ማኅበር ውስጥ እንደ ገና ከዋክብት ተወለዱ ማለት ነው።

በተለመደው ትምህርት ድቡልቡል ማኅበር ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ሲፈነዱ የቀረውን ጋዝ ሁሉ ጠርገው ያስወጡታልና። ስለዚህ ፌራሮና ባልንጀሮቹ ቴርዛን 5 ድቡልቡል ማኅበር ሳይሆን፣ ማእከላዊው እብጠት ከተሠራባቸው ግዙፋን ድርሻዎች አንዱ፣ ሌሎቹ ተዋሕደው ሲጠፉ እርሱ ብቻ የተረፈ ፍርፋሪ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ያረጀ ማኅበር በጉዞው ከትልቅ የጋዝ ደመና ጋር ተገናኝቶ አዲስ ጋዝ ስላገኘ ነው ይላሉ። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ፤ የከዋክብቱ ንጥረ ነገር ከእብጠቱ ከዋክብት ጋር ይህን ያህል መስማማቱ በአጋጣሚ የተገኘ አይመስለኝምና። በ2021 ደግሞ ሁለተኛ ምስክር ተነሣ። ሊለር 1፣ ያ በራጅ ጨረር ፍለጋ የተገኘው፣ በቺሌ በሚገኘው በደቡብ ጀሚናይ ቴሌስኮፕ በአምስት ሰው ሠራሽ የሌዘር ከዋክብት እየተመራ በታሕተ ቀይ ተሥሎ፣ ከሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ሥዕል ጋር ተመሳክሮ ሲመረመር፣ 12 ቢሊዮን ዓመት ያስቈጠሩ ከዋክብትና ገና ከአንድ እስከ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ብቻ ያላቸው ከዋክብት በአንድነት ሲኖሩበት ተገኙ። አንድ ብቻውን የነበረው ሁለት ሲሆን፣ የእድል ነገር ነው ማለት ከቀድሞው ይልቅ ያስቸግራል። ሁለቱም እጅግ በወፍራም ትቢያ የተሸፈኑ መሆናቸውን ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ ታሕተ ቀይ ብርሃን ባይኖር ኖሮ ከሌሎቹ የማይለዩ ተራ ማኅበራት ሆነው በመዝገብ ይቀሩ ነበር።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ ላውሳ። ኤች ፒ 1 በ2019 በዚሁ በደቡብ ጀሚናይ ተሥሎ ዕድሜው 12.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ ተሰልቷል፤ በጋላክሲው ውስጥ ከታወቁት እጅግ ካረጁት አንዱ ነው። ቪ ቪ ቪ ሲ ኤል 002 ደግሞ ለጋላክሲው ማእከል ከሁሉ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስበቱ ሁሉን በሚበጣጥስበት በዚያ ሥፍራ እስካሁን መኖሩ ራሱ ጥያቄ ነው። ሻፕሊ ማኅበራት በተጨናነቀ ሥፍራ ይበጣጠሳሉ ያለው በመሠረቱ እውነት ነበር፤ የተሳሳተው ያላያቸውን ሁሉ በዚህ ምክንያት የጠፉ አድርጎ በመቍጠሩ ነው። ዛሬም ይህ ሚዛን አልተደላደለም፤ ከማይታዩት ስንቶቹ በርግጥ ጠፍተው፣ ስንቶቹ ተሸፍነው እንደ ሆነ ለይቶ መናገር ገና አልተቻለም።

ስንት እንደ ቀሩ ለመገመት የሚያስችል አንድ ቀላል ሐሳብ አለ። ማኅበራቱ በማእከሉ ዙሪያ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የተበተኑ ናቸው ቢባል፣ ከማእከሉ ወደ እኛ ባለው በቅርቡ ጎን የሚገኙት ከማእከሉ ባሻገር በሩቁ ጎን ካሉት ጋር መመጣጠን ነበረባቸው፤ በመዝገባችን ግን የሩቁ ጎን የሳሳ ነው። ከባሻገር ያሉት ማኅበራት በትቢያው ብቻ ሳይሆን በራሱ በእብጠቱ የከዋክብት ብዛት ስለሚሸፈኑ፣ በ2.2 ማይክሮን ብርሃን እንኳ በአንድ ሥዕል ሲታዩ ከገበያ ሕዝብ መካከል አንድን ቤተ ሰብ እንደ መለየት ይሆናል። ስለዚህ አዲስ ቴሌስኮፕ ብቻ መጠበቅ አይበቃም፤ አሥራ ሦስት ዓመት የተሣለው የቪስታ ሥዕል እንደ ገና ከመጀመሪያው ተወስዶ፣ የእያንዳንዱ ደካማ ነጥብ እንቅስቃሴ በዓመታቱ መካከል እየተለካ፣ አብረው የሚጓዙት ከማይተዋወቁት እየተለዩ ነው። ይህ ሥራ በመካሄድ ላይ ሲሆን፣ በሩቁ ጎን የሚኖሩት ማኅበራት ብርሃናቸው ምናልባት አስቀድሞ በሰሌዳው ላይ አርፎ፣ በብዙ ሚሊዮን ነጥቦች መካከል ስማቸው ሳይጠራ ተቀምጧል።